ከውጭ አገር ተመልሰው በሞያሌ የሚኖሩ አዛውንቶች የጤና መድን እንዴት ያገኛሉ?

ሞያሌ ስሟ አንድ፣ መንግሥቷ ግን ሁለት የሆነ ከተማ ናት። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነዋሪዋ ማለዳ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ቡናውን ጠጥቶ ቀትር ላይ በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ ሊውል ይችላል። ብርና ሽልንግ ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪውና ቡርጂው ከመስመሩ በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መርቀው ከከፈቱ ወዲህ ደግሞ የጭነት መኪናውም የመንገደኛውም ጉዳይ በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ታስቧል።

ድንበሩን የማይሻገሩ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የጤና መድን ካርድ ነው።

ጉዳዩ ለወጣት ነጋዴ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከረጅም ዓመታት የውጭ አገር ኑሮ በኋላ ለተመለሰ አዛውንት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ወደ ሞያሌ የሚመለሱ ሰዎች ከአንድ አቅጣጫ አይመጡም። ዕድሜያቸውን በናይሮቢ ኢስሊ በንግድ የጨረሱ፣ በቤይሩትና በጅዳ በሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ጡረታ የወጡ፣ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ የነበራቸው አሉ። ብዙዎቹ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመሙ አብሯቸው መምጣቱ ነው፤ የሕክምና ወጪያቸውን ይሸፍን የነበረው ሥርዓት ግን አብሮ አይመጣም።

የውጭው መድን የት ይቀራል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛ የጤና መድን ከሥራ ውልና ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው። ኢቃማው ሲያበቃ መድኑም ያበቃል፤ 20 ዓመት ሠርታ የተመለሰችም ሆነ 20 ወር ሠርታ የተመለሰች እኩል ባዶ እጇን ናት። በብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎቱን በነፃ የማግኘት መብት የሚመሠረተው በአገሪቱ በቋሚነት በመኖር ላይ እንጂ ቀደም ሲል በተከፈለ ግብር ላይ አይደለም። ጠቅልሎ የወጣ ሰው ለሕክምና ብቻ ሲመለስ እንደ ጎብኚ ሊቆጠርና ሊከፍል ይችላል።

የአሜሪካው ጉዳይ ትንሽ የተወሳሰበ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የተዘጋጀው ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ ሕክምና አይከፍልም። ለሥርዓቱ የሚቆረጠውን ግብር እየከፈለ 10 ዓመት ያህል የሠራ ሰው የሆስፒታል ቆይታን የሚሸፍነውን ‘ክፍል ኤ’ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይይዛል። የሐኪም ክትትልን የሚሸፍነው ‘ክፍል ቢ’ ግን በየወሩ ይከፈልበታል። ሞያሌ ተቀምጦ ለማይጠቀሙበት ነገር ከጡረታ ላይ መክፈል ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ክፍያውን አቋርጦ ከዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው፣ ሳይሸፈን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር በወርኃዊ ክፍያው ላይ የ10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ቅጣቱም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ስለዚህ ‘ከባድ ሕመም ከመጣ ልጆቼ ጋ እመለሳለሁ’ ብሎ የሚያስብ ሰው ‘ክፍል ቢ’ን የሚከፍለው ለሞያሌው ኑሮው ሳይሆን ለመመለሻ በሩ ነው። ላይመለስ የቆረጠ ሰው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለሚኖርበት ቦታ መድን ቢያውለው ይሻለዋል።

የግል መድን ኩባንያዎች አማራጭ ቢሆኑም ለአዛውንት በራቸው ጠባብ ነው። በኢትዮጵያ የሕክምና ወጪ መድን በአብዛኛው የሚሸጠው ለድርጅቶች፣ ሠራተኞቻቸውን በጅምላ እንዲያስገቡ ነው። በግሉ የሚመጣ የ70 ዓመት ሰው ለሻጩ አጓጊ ደንበኛ አይደለም። በኬንያ ገበያው ሰፋ ያለ በመሆኑ አዛውንቶችን ብቻ ታሳቢ ያደረጉ ውሎችን የሚያቀርቡ ኩባንያዎች አሉ። ይሁን እንጂ ዓረቦኑ ከዕድሜ ጋር ይንራል፤ ከውሉ በፊት የታወቀ ሕመምን በተመለከተም የጥበቃ ጊዜ መጣል የተለመደ ነው። የስኳር ሕመምተኛው ለዚያው ለስኳሩ ወራትን ምናልባትም ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ነው ማለት ነው። የጉዞ መድን ደግሞ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ለመንገደኛ እንጂ ለነዋሪ አልተሠራም።

የቀረው በሁለቱ መንግሥታት የተዘረጋው የሕዝብ መድን ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች ‘ዕድሜዎ ስንት ነው?’ ወይም ‘ምን ሕመም አለብዎት?’ ብለው አመልካችን አይመልሱም። ይህ ለአዛውንት ትልቅ ነገር ነው። የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ ‘ቤትዎ የት ነው? ወረቀትዎስ?’

በኢትዮጵያ ወገን፦ በቤተሰብ የሚገባበት መድን

በኢትዮጵያ የጤና መድን በሁለት ዘርፍ የታሰበ ነው። የመጀመሪያው በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 690 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። በዚህ ሥርዓት ደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ጡረተኛው ከጡረታ አበሉ 1 በመቶ እንዲቆረጥበትና መንግሥትም ያንኑ ያህል እንዲጨምር ታቅዶ ነበር። አፈጻጸሙ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሞ ለዓመታት ከወረቀት ሳይወርድ ቆይቷል። የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረና የኢትዮጵያ ጡረታ ያለው ተመላሽ በዚህ ሕግ ላይ ስሙ አለ፤ ሕመሙ ግን አዋጁ እስኪተገበር አይጠብቅም።

በተግባር የሚገኘው ሁለተኛው፣ ማለትም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተስፋፍቷል። የታሰበው ደመወዝ ለሌለው ሕዝብ ነው፦ ለገበሬው፣ ለአርብቶ አደሩ፣ ለነጋዴውና ለቀን ሠራተኛው። ቤቱና ከብቱ ከግጦሽ ጋር በሚንቀሳቀስበት በአርብቶ አደሩ አካባቢ ሥርዓቱ የተተከለው ከደጋው ዘግይቶ ነው።

የዚህ መድን አባል ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር አጋርና ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች በአንድ መዋጮ ይመዘገባሉ። በዚያው ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሌላ አዋቂ፣ ለምሳሌ ለእናት ወይም ለአባት፣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ለተመላሽ አዛውንት ይህ አደረጃጀት ጥሩ መግቢያ ነው። የራሳቸውን ቤት ያላቋቋሙ ከሆነ ከልጃቸው ወይም ከእህታቸው ቤተሰብ ጋር በተጨማሪ አባልነት ሊመዘገቡ ይችላሉ። የመዋጮው መጠን ከክልል ክልል፣ ከከተማ ገጠር ስለሚለያይና ባለፉት ዓመታት በየጊዜው ስለተሻሻለ፣ ዘመድ ‘አምና ይህን ያህል ከፍለናል’ ባለው ላይ መተማመን አይገባም፤ ከቀበሌው ወይም ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሞያሌ ደግሞ ይህ ጥያቄ ራሱ ሌላ ጥያቄ አለው፦ የትኛው ወረዳ? የኢትዮጵያዋ ሞያሌ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ሁለት አስተዳደሮች ሥር የምትገኝ፣ የይገባኛል ጥያቄ የበዛባት ከተማ ናት። ምዝገባው፣ የመዋጮው መጠንና ውል የተገባባቸው የጤና ተቋማት የሚወሰኑት ቤቱ በሚገኝበት አስተዳደር ነው። ተመላሹ ከዓመታት በፊት የነበረውን የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ቢመጣ፣ ያ ቀበሌ ዛሬ በየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራው ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ምዝገባና እድሳት በአብዛኛው ቦታ የሚካሄደው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተወሰኑ ወራት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰው ሲታመም ብቻ ገብቶ ሲድን የሚወጣ ከሆነ ቋቱ ይደርቃል። ነገር ግን ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ በተመላሹ ላይ ይከብዳል። የምዝገባው ወር ባለፈ ማግስት ከአውሮፕላን የወረደ አዛውንት የሚቀጥለውን ዙር ያለ መድን ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ዘመዶች የመመለሻ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የምዝገባውን ወር ቢጠይቁ ብዙ ወጪ ይድናል።

መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን የክልልና የወረዳ መስተዳድሮች ይሸፍናሉ፤ ተጠቃሚዎቹ የሚመረጡት በየቀበሌው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የተመለሰ ሰው የሚያጋጥመው ዝምተኛ እንቅፋት አለ። ሻንጣ ይዞ የመጣን ሰው ‘ደኻ ነው’ ብሎ የሚያስመዘግብ ጎረቤት በቀላሉ አይገኝም። ያጠራቀመችውን ሁሉ ለልጆች ትምህርትና ለወንድም ቤት መሥሪያ ልካ የጨረሰች ሴት ብትሆንም እንኳ በጎረቤት ዓይን ‘የውጭ አገር ሰው’ ናት። ድህነቷን በግልጽ መናገርና ለቀበሌው ኮሚቴ ማስረዳት የሚከብድ ቢሆንም አማራጭ የለውም።

የማይሸፈነው ነገር

የማኅበራዊ ጤና መድንን ለማስፈጸም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 ከሽፋን ውጭ ያደረጋቸውን አገልግሎቶች ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፣ የአካል ንቅለ ተከላ እንዲሁም ከድንገተኛ የኩላሊት ድክመት በቀር የኩላሊት እጥበት ይገኛሉ። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የእርጅናን ዕቃ ቤት የቆጠሩ ሊመስለው ይችላል፤ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ጥርሱ፣ ዳሌው፣ ኩላሊቱ። የማኅበረሰብ አቀፉ መድንም በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ረገድ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ መነጽሩንም ሆነ የመስሚያ መሣሪያውን ከመመለስ በፊት፣ የውጭው መድን ገና ሳይቋረጥ፣ ማሠራት ብልህነት ነው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ አንድ ሌላ ሐረግ አለ፦ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ሕክምና። ጎንደር ወይም ጅማ ለተቀመጠ ሰው ይህ ስለ ባንኮክና ስለ ዴልሂ የተጻፈ ይመስላል። ሞያሌ ላይ ግን ‘ከኢትዮጵያ ውጭ’ የሚጀምረው በእግር በሚደረስበት ርቀት ነው። በኢትዮጵያ በኩል መድኃኒት ጠፍቶ ወይም መሣሪያ ተበላሽቶ ድንበሩን ተሻግሮ የታከመ ሰው ደረሰኙን ይዞ ቢመለስ የሚያወራርድለት አያገኝም።

በሽፋኑ ውስጥ ያለውም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው። አባሉ በቅድሚያ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ወደ ሆስፒታል የሚያልፈው በሪፈር ወረቀት ነው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ካርዱ በእጁ ሳለ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የአባላት የተለመደ ቅሬታ የመድኃኒት እጥረት ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን በየወሩ የሚያስፈልገው አዛውንት ለዚህ መዘጋጀት አለበት። በሌላ በኩል የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና መድን ላለውም ለሌለውም በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

በኬንያ ወገን፦ በስልክ የሚገባበት መድን

የኬንያዋ ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት። በኬንያ ከ1966 እ.አ.አ. ጀምሮ የቆየው ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ በአዲስ ሥርዓት ተተክቷል። ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ በጥቅምት 2023 እ.አ.አ. የፈረሙት ሕግ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ሰዉ በአጭሩ ‘ሻ’ ይለዋል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 2024 እ.አ.አ. ሕጎቹን ኢ-ሕገ መንግሥታዊ ብሏቸው ነበር። ነገር ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በማገዱ ሥርዓቱ በጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.አ.አ. ሥራ ጀመረ። የቆየ የፈንዱ ካርድ በመሳቢያ ያስቀመጠ ተመላሽ ካርዱ ታሪክ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ እንደገና መመዝገብ ግድ ነው።

ምዝገባው ቀላል ነው። *147# ላይ በመደወል ወይም በጤና ተቋም በአካል በመቅረብ ይፈጸማል። ከባዱ ክፍያው ነው። መዋጮው የገቢ 2.75 በመቶ ሲሆን ዝቅተኛው ክፍያ በወር 300 ሽልንግ ነው። ደመወዝተኛው በየወሩ ይቆረጥበታል። ደመወዝ የሌለው ግን ስለ ቤቱና ስለ አኗኗሩ በሚቀርቡለት ጥያቄዎች ገቢው ተገምቶ የዓመቱን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 3,600 ሽልንግ ይሆናል ማለት ነው። ከ2020 እስከ 2023 እ.አ.አ. በዘለቀው ድርቅ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከብቱን ላጣ የድንበር ቤተሰብ የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ ማምጣት ቀላል አይደለም። ከውጭ ልጆቹ ገንዘብ ለሚልኩለት አዛውንት ግን ይህ አከፋፈል ይመቻል። በየወሩ ከሚላከው የኪስ ገንዘብ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ የመድኑን ክፍያ መላክ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከኢትዮጵያው የሚለየው አንዱ ነጥብ፣ የኬንያው ሥርዓት ከአባሉ ጋር የሚሸፍነው የትዳር አጋሩንና ጥገኛ ልጆቹን መሆኑ ነው። እናትና አባት በልጃቸው መዋጮ ውስጥ አይገቡም፤ በራሳቸው ስም ተመዝግበው በራሳቸው ስም ይከፈልላቸዋል።

የተመዘገበ ሰው፣ መዋጮ ባይከፍልም እንኳ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ማለትም በዲስፔንሰሪና በጤና ጣቢያ የሚያገኘው አገልግሎት በመንግሥት ፈንድ ይሸፈናል። ሆስፒታል ለመተኛት ግን መዋጮው የተከፈለ መሆን አለበት። የሞያሌ ንዑስ ካውንቲ ሆስፒታል የሚመደበው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። ብዙ ሰው ‘ተመዝግቤአለሁ’ እና ‘ተሸፍኛለሁ’ የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ስለሚያይ፣ ልዩነቱን የሚያውቀው ሆስፒታል በር ላይ ነው።

ሥርዓቱ ችግር አላጣውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የኮምፒውተር መረቡ መቆራረጥ፣ ከዚያም ያልተከፈላቸው ሆስፒታሎች እሮሮ በስፋት ተሰምቷል። ሽፋኑ ግን ለአዛውንት ትርጉም ያላቸውን ነገሮች ይዟል። የኩላሊት እጥበት ለአንድ ዙር እስከ 10,650 ሽልንግ ይከፈልበታል፤ የካንሰር ሕክምናም በዓመት የተወሰነ ጣሪያ ተበጅቶለት ተካቷል። ከዚህ በተጨማሪ ዕድሜያቸው 70 የሞላ ኬንያውያን ‘ኢኑዋ ጃሚ’ በተባለው መርሐ ግብር የወር 2,000 ሽልንግ ድጎማ ሊያገኙ ይችላሉ። ገንዘቡ መድን ባይሆንም የመድኑን መዋጮ ለመሸፈን በቂ ነው።

ማን በየትኛው መግባት ይችላል?

አንዲት የ67 ዓመት እናት ለምሳሌ እንውሰድ። ከሃያ ዓመት የቤይሩት ሥራ በኋላ ተመልሰዋል፤ ስኳር አለባቸው። ሴት ልጃቸው በኢትዮጵያዋ ሞያሌ፣ ወንድ ልጃቸው በኬንያዋ ሞያሌ ቤት አላቸው። እርሳቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት አላቸው። ቀላሉ መንገድ በሴት ልጃቸው ቤተሰብ መድን መግባት ነው፦ ነዋሪነት፣ መታወቂያ፣ ተጨማሪ መዋጮ፣ አለቀ። ኩላሊታቸው እየደከመ መሆኑ ከተነገራቸው ግን ጥያቄው ይቀየራል፤ የወንድ ልጃቸው ወገን የተሻለ ሽፋን አለው። ይሁንና ወደዚያ ለመግባት የልጅ እናት መሆን አይበቃም። የኬንያ ሕግ ከ12 ወር በታች ለሚቆይ የውጭ ዜጋ የሚያዘው የጉዞ የጤና መድን እንዲይዝ ነው። በሕዝቡ መድን ለመመዝገብ ሕጋዊ ነዋሪነትና የውጭ ዜጋ መታወቂያ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ወራት የሚፈጅ ሂደት ነው፤ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ከደከመ በኋላ የሚጀመር አይደለም።

በድንበር አካባቢ የሁለቱንም አገር መታወቂያ ይዞ መገኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ‘ሁለት ካርድ ቢኖረኝ ምን ይጎዳኛል?’ የሚል አለ። የኬንያ የ2010 እ.አ.አ. ሕገ መንግሥት በትውልድ ኬንያዊ ለሆነ ሰው ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። በሁለት ስምና በሁለት የትውልድ ቀን የተያዘ ወረቀት ደግሞ፣ ሁለቱም አገሮች ምዝገባቸውን ከዲጂታል መታወቂያ ጋር እያስተሳሰሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ በሕመም ቀን ሁለቱንም ካርድ ሊያሳጣ ይችላል።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የሚመለሱ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ‘ቢጫ ካርድ’ የሚባለውን፣ ማውጣት ይችላሉ። ካርዱ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር ያስችላል፤ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች አጠቃቀም ላይ በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣሉ ገደቦችንም ያነሳል። ይህ መብት በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ በቃል የሚታወቅ ላይሆን ስለሚችል፣ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የአዋጁን ቅጂም ይዞ መሄድ አይከፋም። ጠቅልሎ የገባ ሰው የውጭ ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የማስመለስ መንገድም በዜግነት አዋጁ ተቀምጦለታል። ለነዋሪዎች የሚሰጠው የፋይዳ ቁጥርም የቀበሌ ጉዳዮችን ያቀልላል።

በትውልድ ኬንያዊ ሆኖ ከ2010 እ.አ.አ. በፊት የሌላ አገር ዜግነት በመውሰዱ ዜግነቱን ያጣ ሰው በማመልከቻ ሊያስመልስ ይችላል። የኬንያ መታወቂያ ጨርሶ ያልነበራቸው የድንበር ሰዎች ለዓመታት በልዩ የማጣራት ኮሚቴዎች ፊት መቅረብ ነበረባቸው። ፕሬዝዳንት ሩቶ በየካቲት 2025 እ.አ.አ. በዋጂር ተገኝተው ይህ ልዩ ማጣራት እንዲቀር አውጀዋል። ለ70 ዓመቱ ሽማግሌ አዋጁ የዘገየ ቢሆንም፣ መታወቂያው የመድኑ ቁልፍ በመሆኑ ማመልከቱ ተገቢ ነው።

በወረቀት ላይ የሌለው መንገድ

ማንኛውም ካርድ የሚለካው ሞያሌ ላይ መታከም የማይቻል ሕመም ሲመጣ ነው። በኢትዮጵያ ካርድ የሪፈር መንገዱ ወደ ሰሜን ነው፦ ወደ ያቤሎ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ። በኬንያ ካርድ ወደ ደቡብ ነው፦ ወደ ማርሳቢት፣ ወደ ኢሲዮሎ፣ ወደ ናይሮቢ። በሁለቱም አቅጣጫ ርቀቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። መድኑ የሕክምናውን ይሸፍን ይሆናል፤ የአስታማሚውን አልጋ፣ ምግብና ትራንስፖርት ግን አይሸፍንም። ስለዚህ የካርዱ ምርጫ ‘ሐዋሳ ዘመድ አለን ወይስ ናይሮቢ?’ ከሚለው ተራ ጥያቄ ተለይቶ አይታይም።

ለዚህ ክፍተት ሕዝቡ የራሱ ዘዴ አለው። የቦረና ‘ቡሳ ጎኖፋ’ ከብቱ ላለቀበት ሰው ከብት የሚያዋጣ ጥንታዊ የመረዳጃ ሥርዓት ነው፤ የከተማው ዕድርም በሐዘን ቀን ይደርሳል። ሁለቱም ግን በየወሩ ለሚዋጥ ክኒን የተሠሩ አይደሉም። ከውጭ የተመለሰ ሰው ደግሞ ለዓመታት የዕድር መዋጮ ስላልከፈለ እንደገና መመዝገብ ይኖርበታል።

ድንበሩ ሰላም የሚያጣበት ቀንም አለ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ተሰድደው በድንኳን ከርመዋል። እንዲህ ባለ ቀን ከቤት ሲወጡ የሚረሳው ወረቀት ነው፤ የአባልነት እድሳትም ያልፋል። የካርድ፣ የመታወቂያና የሐኪም ማስረጃ ፎቶግራፍ በስልክ ላይ ማስቀመጥና ለአንድ ልጅ መላክ የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

የሐኪም ማስረጃውን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጣ አዛውንት ቢያንስ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት፣ የቀዶ ሕክምና ታሪክና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር በጽሑፍ ይዞ ቢገባ ይመረጣል። መድኃኒቶቹ የተመዘገቡት በፋብሪካ የንግድ ስማቸው ሳይሆን በመሠረታዊ ስማቸው መሆን አለበት፤ በቤይሩት ወይም በቨርጂኒያ በአንድ ስም የሚሸጠው ክኒን ሞያሌ ላይ በሌላ ስም ስለሚገኝ። ማስረጃው በአረብኛ ከሆነ ከመነሳት በፊት ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ያስፈልጋል፤ የድንበሩ ሐኪሞች በሁለቱም ወገን የሚጽፉትና የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። የሦስት ወር መድኃኒት በሻንጣ መያዝ ደግሞ ከመመለስ እስከ መጀመሪያው የመድን ካርድ ያለውን ጊዜ በከፊልም ቢሆን ይሸፍናል።